ጀርባውን ሲያዞር

«ሚዛን» የሚለውን ስም ያወጡላት ጋሽ ነጎድጓድ ናቸው፤ ስም ማውጣት ያውቁበታል ሰውዬው። የሥዕል ፊልም ስትተረጉም፣ ሥዕሉ ላይ ያለው ሰው አፉን አምስት ጊዜ ከከፈተ፣ አምስት ጊዜ አፍ የሚያስከፍት ቃል ታመጣለታለች። ከንፈሩን ገጥሞ ከጨረሰ እሷም ከንፈር በሚያስገጥም ፊደል ትጨርስለታለች። ጠረጴዛውን በጣቷ እየመታች፣ ብቻዋን እያጉተመተመች፣ አሥር ዓመት ሙሉ ከሩቅ አገር የመጡትን፣ አኒሜ የሚባሉትን የሥዕል ፊልሞች በእኛ አፍ አናግራለች። አንድ ቀን እንኳ ቃሏ ከከንፈር ቀድሞ ወይም ዘግይቶ አያውቅም። ታዲያ እንዲህ ያለ ሰው ሚዛን ካልተባለ ማን ሊባል ነው?

ስቱዲዮው አንድ ክፍል ነው፤ መሀሉ በመስታወት ተከፍሏል። ከመስታወቱ ወዲያ ማይክሮፎንና ግድግዳው ላይ የተለጠፈ ስፖንጅ፣ ከወዲህ ኮምፒውተርና ሁለት ወንበር። ቀረጻ ሲጀመር ማራገቢያው ይጠፋል፤ ድምፁ ይገባላ! ስለዚህ እዚያ ቤት ጀግናውም ወንበዴውም በላብ ተጠምቆ ነው የሚዋጋው። ከሁለቱ ወንበሮች አንዱ የድምፅ ቀራጩ ነው፤ እሱን «ጆሮ» ነው የሚሉት። ሌላው፣ የአዘጋጁ ወንበር፣ የጋሽ ነጎድጓድ ነበር።

ጋሽ ነጎድጓድ ጉሮሯቸውን ቀዶ ጥገና አድርገው ሐኪሙ «ሦስት ወር ትንፍሽ እንዳይሉ» ሲላቸው፣ መጀመሪያ ወንበራቸውን በጣታቸው ጠቆሙ፣ ቀጥሎ ሚዛንን ጠቆሙ። በቃ፣ ሹመቱ ይኸው ነው። ሚዛን እንደ ወጉ «ኧረ እኔ አልችልም» ልትል አፏን ከፍታ ነበር፤ ግን ምን ያስዋሻታል? ወንበሩን ፈልጋዋለች። አሥር ዓመት ከጎን ተቀምጣ «እኔ ብሆን እንዲህ ነበር የማደርገው» ስትል ኖራለች። ሄዳ ተቀመጠችበት።

የገባችበት ሥራ ደግሞ የዋዛ አልነበረም። ስለ አንድ ደወል ደዋይ ልጅ የሚተርክ ተከታታይ ነው። በነፋስ መሀል የተንጠለጠለች ከተማ አለች፤ የነፋስ ንጉሥ ሊወስዳት ይፈልጋል፤ ደዋዮቹ ደወል እየደወሉ ይመክቱታል። ልጁ ከሁሉም የመጨረሻው ነው፤ ገመዱን እንኳ በቅጡ የማይዝ ፈሪ። አሥራ ሁለተኛው ክፍል ላይ የደዋዮቹ አለቃ ይወድቃል። ያ ፈሪ ልጅ ይጮኻል፣ ጸጉሩ ይበራል፣ ሌላ ሰው ይሆናል፣ ሌሎቹን ይዞ ይወጣል። አኒሜ የሚወድ ሰው ሁሉ አሥራ አንድ ክፍል ታግሦ የሚጠብቀው ያቺን ደቂቃ ነው።

ልጁን የምትጫወተው የአርባ አምስት ዓመት ሴት ናት። ምን ያስቃል? የትንሽ ወንድ ልጅ ድምፅ በሴት ነው የሚያምረው፤ ወንዱ አንዴ ከጎረነነ አይመለስም። ባሏ ሞቶባት ሦስት ልጆች ብቻዋን ያሳደገች እናት ናት፤ ሥራ ቤት ግን «ጎረምሳዋ» ነው ስሟ። የነፋሱን ንጉሥ የሚጫወቱት ደግሞ የሂሳብ መምህር ናቸው፤ ዝንብ ሲያባርሩ እንኳ ይቅርታ የሚጠይቁ ሰው። ማይክሮፎን ፊት ሲቆሙ ግን አከርካሪ የሚያቀዘቅዝ ሳቅ ይስቃሉ። በሌሉበት «ሰይጣኑ» ይባላሉ፤ ፊት ለፊት ያው «መምህር» ናቸው።

ሚዛን ወንበሩ ላይ በተቀመጠች በሳምንቷ አንድ ዘዴ አመጣች። የሁሉንም ሰው ቃል ቀድማ ራሷ ተናግራ ትቀዳዋለች፤ የልጁን፣ የንጉሡን፣ የአለቃውን፣ የመንገደኛውን እንኳ ሳይቀር። ተዋናዩ ማዳመጫውን ያጠልቃል፣ የሚዛንን ድምፅ ይሰማል፣ እንደሰማው ይደግማል። «መሪ ድምፅ» ብላ ሰየመችው። ጋሽ ነጎድጓድ አንድ ክፍል የሚጨርሱት በአራት ቀን ነበር። «ምን ፈልጎ ነው እንዲህ የሚለው?» እያሉ ተዋናዩን በጥያቄ ሲያደርቁት ይውላሉ፤ እንዴት እንደሚባል ግን አንድም ቀን ብለው አሳይተው አያውቁም። ሚዛን በሁለት ቀን ጨረሰች፤ ያውም አንዲት ስሕተት ሳይኖርባት።

«ጋሼ ጎበዝ ናቸው፤ ግን ጊዜ ይገድላሉ» አለችው ለጆሮ።

ጆሮ ኮምፒውተሩን ማየቱን ቀጠለ። ጆሮ መቼም ብዙ አያወራም።

ዘጠነኛው፣ አሥረኛውና አሥራ አንደኛው ክፍል በመሪ ድምፅ ተሠርተው ሄዱ። ከዚያ አንድ ሰኞ፣ ሥራውን የሰጠቻቸው የቴሌቪዥን ጣቢያ ኃላፊ መልእክት ላከች፤ ኮስታራ ሴትዮ ናት፣ ወረቀት አታባክንም። «አሥራ አንደኛው ክፍል ሕይወት የለውም። አሥራ ሁለተኛውን ዓርብ መጥቼ አብሬያችሁ አያለሁ። እንደዚሁ ከሆነ ተከታታዩን ለሌላ ስቱዲዮ እሰጣለሁ።»

ስቱዲዮው ከዚህ ተከታታይ ሌላ ሥራ የለውም። ይህ ከሄደ ማራገቢያው ለሁልጊዜው ይጠፋል፤ ጋሽ ነጎድጓድም አፋቸው ሲፈታ የሚናገሩበት ቤት አያገኙም። ሚዛንም ብትሆን በተሾመች በወሯ ቤት የዘጋች ተብላ ልትቀር ነው። ሌላ ሰው ቢሆን እንቅልፍ አጥቶ ይከርም ነበር። ሚዛን ግን አልደነገጠችም፤ ተናደደች እንጂ።

«ሕይወት የለውም? ሕይወት ነው የምትፈልገው? አሳያታለሁ!» አለች። ማክሰኞ ጠዋት ማይክሮፎኑ ፊት ቆማ የአሥራ ሁለተኛውን ክፍል መሪ ድምፅ ቀዳች። የልጁን ጩኸት ራሷ አሥራ አራት ሰከንድ ጮኸችው፤ አፉ ሲከፈት ከፈተች፣ ሲዘጋ ዘጋች። ከዚያ ጎረምሳዋን አስገባቻት። አንዴ፣ ሁለቴ፣ አሥራ ዘጠኝ ጊዜ አስጮኸቻት።

ጎረምሳዋ ማዳመጫውን አውልቃ ላቧን ጠረገች። «ሚዛንዬ፣ እኔ እኮ እንዲህ አልጮህም።»

«አንቺ መቼ ነሽ የምትጮኺው? ልጁ ነው።»

«ልጁም እንዲህ አይጮህም።»

«በመሪው ልክ ሂጂልኝ ብቻ!»

ሄደችላት። ምን ታድርግ?

ሌላም ነገር አለ። በዚህ ሥራ ሁሉም የሚያውቃት አንዲት ጮሌነት አለች፤ ሰውዬው ጀርባውን ሲያዞር አፉ አይታይም፤ አፉ ካልታየ ያሻህን ብትጨምርለት ማን ይጠይቅሃል? ልጁ ጮኾ ጸጉሩ ከበራ በኋላ ጀርባውን ያዞርና ወደ አንድ የእንጨት ድልድይ ይሄዳል። ስድስት ሰከንድ። ዋናው ፊልም ላይ እዚያ ጋ ምንም ንግግር የለም። ሚዛን ደግሞ ባዶ ቦታ አትወድም። «ወንድሞቼ! ከእንግዲህ አለቃችሁ እኔ ነኝ! ተከተሉኝ!» ብላ ጻፈችለት፤ ስድስት ሰከንዷን ልክክ አደረጋት። ጽሑፉን ለጣቢያዋ ኃላፊ ቀድማ ላከችው፤ ያን ያህል ኮርታበታለች።

ረቡዕ አመሻሽ ላይ ያለቀውን ሥራ በላፕቶፕ ይዛ ቤት ገባች። እናቷ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጠዋል። አንዱ ዐይናቸው ድሮም አያይም፤ ሌላው በዚያው ሳምንት ቀዶ ጥገና ተደርጎለት በፋሻ ታስሯል። ያንን ተከታታይ ይወዱታል፤ ዐይናቸው ከደከመ ወዲህ በጆሯቸው ነው የሚከታተሉት። ዘጠነኛው፣ አሥረኛውና አሥራ አንደኛው ክፍል ሲወጡ ግን ሐኪም ቤት ሲመላለሱ ስለነበር አልሰሟቸውም።

«ክፈችልኝ እስቲ፤ ያ ፈሪ ልጅ የት ደረሰ?» አሉ።

ከፈተችላቸው። እናቷ አንገታቸውን ዘንበል አድርገው እስከ መጨረሻው ሰሙ። ሲያልቅ ፊታቸውን ወደ እሷ መለሱና፣

«ልጄ፣ ሌሎቹ ምን ሆነው ነው የቀሩት?» አሉ።

«የትኞቹ?»

«ያ ልጅ። ያ ክፉ ሰውዬ። አለቃው። ዛሬ ብቻሽን ነው እንዴ የተጫወትሽው?»

«እማዬ፣ እኔ እኮ አንድም ቃል የለኝም!»

«ተይ እንግዲህ! ልጄን በድምፅ አላውቃትም? ስትቆጪ የት ጋ እንደምትረግጪ አውቃለሁ፤ ስትስቂ የት ጋ እንደምትቆርጪ አውቃለሁ። ክፉውም አንቺ ነሽ፣ ልጁም አንቺ ነሽ። አንቺው ትጮኺያለሽ፣ አንቺው ትመልሺያለሽ። ዐይኔን ነው የታሰርኩት እንጂ ጆሮዬን አልታሰርኩም።» ትራሳቸውን እያመቻቹ ደግሞ ጨመሩ። «ያ ልጅስ ‹አለቃችሁ እኔ ነኝ› የሚለው ምን ሆኖ ነው? ማን ጠየቀው?»

ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይላሉ፤ እውነት ነው። ሚዛን ወጥ ቤት ገብታ በሩን ዘጋችና ዐይኗን ጨፍና ከመጀመሪያው ሰማችው። ሥዕሉን ስታይ ልጁ ልጅ ነበር፣ ንጉሡም ንጉሥ። ዐይኗን ስትጨፍን ግን አንዲት ሴት ብቻዋን ስታወራ ሰማች። የሰይጣኑ ያ አስፈሪ ሳቅ የለም፤ በቦታው የሚዛን ሳቅ በጎርናና ድምፅ ተቀምጧል። ጎረምሳዋ የለችም። ከአፍ ጋር ግን ልክክ ብሏል፤ አንዲት ጸጉር ታህል አላለፈም።

አፈረች። እንዲህ አፍራ አታውቅም። ሰዎቹ አሥር ዓመት የምታውቃቸው ሰዎች ናቸው፤ እሷ ግን የእነሱን ከአፋቸው አውጥታ የራሷን ስትከትባቸው ነው የከረመችው፤ እነሱም ችለዋት ዝም ብለዋል። ስልኳን አነሣችና ለጋሽ ነጎድጓድ ጻፈች፦ «ጋሼ፣ እንዴት እንደሚባል ለምንድን ነው አሳይተውን የማያውቁት?»

ወዲያው መለሱ፤ መናገር የተከለከለ ሰው ለመጻፍ ፈጣን ነው። «ካሳየኋችሁ የኔኑ ትመልሱልኛላችሁ። የኔን ምን አደርገዋለሁ? አለኝ።» ቀጥሎ ደግሞ «ዓርብ እመጣለሁ። አልናገርም፣ አትፍሪ።»

ሐሙስ ጠዋት ሁሉም እንደተሰበሰቡ ሚዛን ሳትቀመጥ ተናገረች። «አጥፍቻለሁ። ሴትየዋ ሕይወት የለውም ያለችው እናንተ ስለሌላችሁበት ነው። ያላስገባኋችሁ ደግሞ እኔ ነኝ። ዛሬ እንደገና እንሠራዋለን፤ ቃሉን መቼም ሸምድዳችሁታል። ጆሮ፣ መሪ ድምፁን አጥፋው።»

የጆሮ እጅ ከቃሏ ቀደመ። የኮምፒውተሩ ሰሌዳ ላይ የነበረው የመሪ ድምፁ ረጅም አረንጓዴ መስመር ብን ብሎ ጠፋ።

«አንተ! ጣትህን እዚያ ጋ አድርገህ ነው እንዴ የምትጠብቀኝ?»

«ከዘጠነኛው ክፍል ጀምሮ።»

«ለምን አልነገርከኝም?»

«መቼ ጠየቅሽኝ?» አለ ጆሮ፤ ሰይጣኑም ጎረምሳዋም እየተያዩ ሳቃቸውን ዋጡ።

ሚዛን ራሷም ሳቀች። ከዚያ ወንበሩ ላይ ተቀመጠችና በሕይወቷ ለመጀመሪያ ጊዜ የጋሽ ነጎድጓድን ጥያቄ ጠየቀች። «እሺ፤ ልጁ ምን ፈልጎ ነው የሚጮኸው? ጸጉሩስ ለምንድን ነው የሚበራው?»

«አሻንጉሊት ለመሸጥ» አለ ጆሮ። «ጸጉሩ በተለወጠ ቁጥር አዲስ አሻንጉሊት ይወጣል።»

«አንተ ደግሞ! አንዴ አፍህ ከተፈታ ልትቆም አይደለም» አለችው ጎረምሳዋ።

መምህሩ መነጽራቸውን ወለወሉ። «እኔ እንግዲህ ጠላቱ ነኝ፤ ከጠላት በላይ የሚያውቅህ የለም። እኔ የታዘብኩት፣ ይህ ልጅ የሚፈራው እኔን አይደለም። ተራው እንዳይደርሰው ነው የሚፈራው። አሥራ አንድ ክፍል ሙሉ ከአለቃው ጀርባ ነው የቆመው፤ ልብ በሉ፣ አንድም ጊዜ ከፊት አልተሣለም። ዛሬ ያ ጀርባ ወደቀ። ሰው አዲስ ኃይል ስላገኘ ይለወጣል ይላሉ፤ እኔ ግን መደበቂያ ስላጣ ነው የምለው። ኃይሉማ ድሮም ነበረ።»

«ታዲያ ደስ ብሎት ነው የሚጮኸው ወይስ ከፍቶት?» አለች ሚዛን።

ጎረምሳዋ የውሃ ጠርሙሷን ክዳን ስታዞር ቆየችና፣

«ባለቤቴ የሞተ ቀን ልጆቼ ሦስቱም በር ላይ ቆመው ያዩኛል» አለች። «አለቅስ መስሏቸው ነው የሚጠብቁት። ትንሹ ‹እራት ምንድን ነው?› አለኝ። ተነሣሁ፣ ድንች ላጥኩ። እየላጥኩ ነው የገባኝ፤ ከእኔ ኋላ ሰው አለ፣ ከፊቴ ግን ማንም የለም። ደስታም አይደለም፣ ኀዘንም አይደለም። የጮህኩት በልቤ ነው። የዚያን ቀን ተለወጥኩ፤ ‹እኔ ነኝ አለቃችሁ› ግን አላልኳቸውም። ድንቹን ነው ያቀረብኩላቸው።»

«ጸጉርሽስ?» አለ ጆሮ ቀስ ብሎ።

«ጸጉሬ የተለወጠው እነሱ ሲያድጉ ነው!» አለችና ሽበቷን ስታሳያቸው ሁሉም በአንድ ጊዜ ሳቁ። መምህሩ ግን መነጽራቸውን እንደገና ወለወሉ፤ ያሁኑ ለአቧራ አልነበረም።

«ግቢ» አለቻት ሚዛን። «እንደፈለግሽ። ማዳመጫሽ ውስጥ እኔ የለሁም።»

ማራገቢያው ጠፋ። ሥዕሉ ላይ አለቃው ወደቀ፣ ልጁ አፉን ከፈተ። ጎረምሳዋ ጮኸች። ሲጀምር የሕፃን እሪታ ነበር፤ መሀል ላይ ድምፁ ተሰበረ፣ ሊቋረጥ ደረሰ፤ ከተሰበረበት ደግሞ ሌላ ድምፅ ወጣ፤ ዝቅ ያለ፣ የማይቸኩል፣ አሥር ዓመት አብሯት የሠራ ሰው ያልሰማው። የሚዛን ጣት ጠረጴዛውን እየመታ ነበር፤ መሀል ላይ ቆመ። መቁጠር ረሳች። ሥዕሉ ላይ የልጁ አፍ ተዘጋ፤ የጎረምሳዋ ድምፅ ግን ገና እያለቀ ነበር።

ጆሮ ሰሌዳውን አየ። «ከአፉ ግማሽ ሰከንድ አልፋለች። ላስደግማት?»

እንግዲህ ይህቺ ሚዛን ናት፤ አሥር ዓመት ለአንድ ፊደል ስትሟገት የኖረች። ግማሽ ሰከንድ ማለት ለእሷ ጥርስ ውስጥ የገባ ጠጠር ነው። ከመስታወቱ ወዲያ ጎረምሳዋ ሁለት እጇን ጉልበቷ ላይ ተደግፋ ትተነፍሳለች።

«ተወው» አለች ሚዛን። «ይለፍ።»

ጆሮ ዞሮ አያትና ወደ ኮምፒውተሩ ተመለሰ። ቀጥሎ ልጁ ጀርባውን አዞረ።

«እዚህ ጋ ንግግር አለኝ» አለች ጎረምሳዋ ወረቀቷን እያየች።

«የለሽም። ሰርዤዋለሁ።»

«ታዲያ ምን ልበል?»

«ምንም አትበዪ።»

ጆሮ ንግግሩን አውጥቶ ስድስቱን ሰከንድ ባዶውን አጫወተው። ያኔ ሁሉም ቀና አሉ። ለካ ባዶ አልነበረም! ከዋናው ፊልም ጋር የመጣ ድምፅ አለ፤ የሚዛን ንግግር ላዩ ላይ ተቀምጦበት ስላልተሰማ ነው እንጂ። መጀመሪያ የልጁ ኮቴ ብቻውን፣ እንጨቱ ላይ። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት። አራተኛው ሰከንድ ላይ ከኋላው ሌላ ኮቴ። ከዚያ ሌላ። ከዚያ ብዙ። ማንም ተከተሉኝ አላላቸውም። የሠሩት ሰዎች ነገሩን ሁሉ በእነዚህ ኮቴዎች ተናግረው ጨርሰውት ኖሯል።

«አይ እኔ!» አለች ሚዛን ግንባሯን ይዛ። «ረግጬበት ነው የኖርኩት።» እስከ ማታ ሠሩ፤ የሰይጣኑም ሳቅ ተመለሰ፤ ጆሮ ማዳመጫውን ከጆሮው እስኪያርቅ ድረስ ሳቁት።

ዓርብ ጋሽ ነጎድጓድ ሻርፕ በአንገታቸው ጠምጥመው መጡ። ሚዛን ብድግ ብላ ወንበሩን ስትለቅላቸው እጃቸውን አወናጨፉና በሩ አጠገብ ያለች በርጩማ ላይ ተቀመጡ። የጣቢያዋ ኃላፊ ማስታወሻ ደብተሯን ጭኗ ላይ ከፈተች። ሥራው ተጀመረ። የመጀመሪያዎቹን ደቂቃዎች ሴትየዋ ስትጽፍ ነበር። ልጁ ሲጮኽ ብዕሯ ቆመ። ልጁ ጀርባውን ሲያዞር ቀና አለች፤ ኮቴዎቹን እስከ መጨረሻው ሰማች።

ሲያልቅ «በላካችሁልኝ ጽሑፍ ላይ እዚህ ጋ ንግግር ነበር» አለች።

«ነበር» አለች ሚዛን። «እኔ ነኝ የጨመርኩት፤ እኔው አወጣሁት። ጩኸቱም ከአፉ በግማሽ ሰከንድ አልፏል፤ ያንንም አይቼ ነው የተውኩት። ሥራችን ይህ ነው።»

ሴትየዋ ደብተሯን ዘጋች። «አሥራ ሦስተኛውን መቼ ታመጡልኛላችሁ? በሁለት ቀን ነበር የምታደርሱት።»

«በአራት ቀን» አለች ሚዛን።

ሴትየዋ ትንሽ አሰበች። «በአራት ቀን ይሁን» አለችና ቦርሳዋን አነሣች። በርጩማው ላይ ጋሽ ነጎድጓድ ትከሻቸው እስኪነቃነቅ ድረስ ያለ ድምፅ ሳቁ።

ያን ቀን አመሻሽ ሚዛን ለእናቷ እንደገና ከፈተችላቸው። ፋሻው ገና አልተፈታም። እናቷ አንገታቸውን ዘንበል አድርገው እየሰሙ በየመሀሉ ይናገራሉ። «ይኸው መጣ፣ ያ ክፉ! ሳቁ ይድረቅና!» ትንሽ ቆይተው «ውይ ልጄን፣ ውይ!» ልጁ ሲጮኽ እጃቸውን ደረታቸው ላይ አደረጉ፤ ኮቴዎቹ ሲመጡ ደግሞ በጣታቸው መቁጠር ጀመሩና ሲበዙባቸው ተዉት።

«ሁሉም መጥተዋል ዛሬ» አሉ ሲያልቅ። «አንቺስ? አንቺን አጣሁሽ።»

«እኔ የለሁበትም እማዬ» አለች ሚዛን። ይህን ስትል ኩራቷ ሊደበቅ አልቻለም።

«ታዲያ ሁለት ቀን ሙሉ ምን ስትሠሪ ዋልሽ?»

«ስሰማቸው።»

እናቷ ራሳቸውን ነቀነቁ፤ ነገሩን መርምረው ደኅና ሥራ መሆኑን አመኑ። «እንግዲያው ከመጀመሪያው ክፈችልኝ» አሉ። «ያንን ልጅ ደግሜ ልስማው።»